ትልልቅ የዱር እንስሳት የብር ሳንቲሞች፦ ኪሎው፣ አውንሱ ወይስ የ1970ው የደጋ አጋዘን?

ቤት ውስጥ የቆየ አሥር ሳንቲም ካለዎት አውጥተው ይመልከቱት። በአንድ ገጹ ጎፈራም የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ቀንዱ ጠምዘዝ ያለ የደጋ አጋዘን አለ። ለታክሲ መልስ ስንቀበለውና ስንሰጠው ኖረን አብዛኞቻችን እንስሳውን ልብ ብለን አላየነውም። ይኸው አጋዘን በ1970 ዓ.ም. በትልቅ የብር ሳንቲም ላይም ወጥቷል፤ የተጻፈበት ዋጋ 25 ብር ነው። እኔን ወደ ሳንቲም መሰብሰብ ያስገባኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ዝሆንም፣ ፓንዳም፣ የአውስትራሊያው ወፍ ኩካቡራም በእጄ አልፈዋል። አንዳንዱን በመግዛቴ ዛሬም ደስ ይለኛል፣ አንዳንዱን ደግሞ ከኪሳራ ጋር ሸጬዋለሁ።

ውጭ አገር ያሉ ወዳጆቼ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነው፤ «ለልጄ ምርቃት ትልቅ የብር ሳንቲም ልገዛለት ነው፣ የቱ ይሻለዋል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ልጁ አንድ ቀን ልሽጠው ቢል ማን ይገዛዋል? ገዢው በክብደቱ የሚገዛ ነጋዴ ከሆነ አንድ ዓይነት ሳንቲም ይመረጣል፤ ገዢው ሰብሳቢ ከሆነ ሌላ። ብዙ ሰው የሚጎዳው የሰብሳቢ ዋጋ ከፍሎ በነጋዴ ዋጋ ሲሸጥ ነው።

በአማርኛ ማዕድኑም ብር ነው፣ ገንዘቡም ብር ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ብር ስል ማዕድኑን ነው፤ ገንዘቡን ሲሆን ከቁጥር ጋር እጽፈዋለሁ። ዓመታቱም «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ክብደት የምቆጥረው በትሮይ አውንስ ሲሆን አንዱ 31.1 ግራም ነው። እዚህ ላይ ከአገራችን ወቄት ጋር እንዳይምታታብዎት፤ የኛ ወቄት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ግራም ትንሽ ቢመስልም ኪሎ ላይ ሲደርስ ሂሳቡን ያዛባል።

ከማዕድኑ በላይ ስንት እየከፈሉ ነው?

የማንኛውም የብር ሳንቲም ዋጋ ሁለት ነገር ነው፤ ውስጡ ያለው ማዕድንና ከዚያ በላይ የሚከፈለው ጭማሪ። በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ከሁለቱም የለበትም። የአውስትራሊያው ሳንቲም ማምረቻ የፐርዝ ሚንት የአንድ ኪሎ ኩካቡራ ላይ 30 የአውስትራሊያ ዶላር ተጽፎበታል፤ በ30 ዶላር የሚሰጥዎ ግን የለም።

ለምሳሌ የአውንሱ ዋጋ 30 የአሜሪካ ዶላር ነው እንበል። አንድ ኪሎ 32.15 አውንስ ስለሆነ ማዕድኑ ብቻ 964 ዶላር ገደማ ያወጣል። ሻጩ 1,050 ካለዎት ጭማሪው ዘጠኝ በመቶ አካባቢ ነው። 35 ግራም የሚመዝን፣ ጥራቱ 925 የሆነ (ከሺህ 925 እጁ ንጹህ ብር ማለት ነው) አሮጌ ሳንቲም ደግሞ ውስጡ 32.4 ግራም ንጹህ ብር አለው፤ ይህ በ30 ዶላር ሂሳብ 31 ዶላር ነው። ሻጩ 90 ከጠየቀዎት ሁለት ሦስተኛው ክፍያ ለታሪኩና ለብርቅነቱ ነው ማለት ነው። ስህተት ነው አልልም፤ እኔ ራሴ እከፍላለሁ። ሂሳቡን ሳይሠሩ መክፈል ግን አይገባም።

የማዕድኑ ዋጋ ራሱም ይዋዥቃል። በሚያዝያ 2011 አውንሱ 49 ዶላር አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በ2015 መጨረሻ ከ14 ዶላር በታች ወረደ። በ2011 ጸደይ «ብር አይወርድም» ብሎ የገዛ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ በእጁ የቀረው ከሲሶ በታች ነበር። ስለዚህ ከስጦታ ጋር «ይህ ቁጠባ ነው» የሚል ቃል አያያይዙበት።

ኪሎው

የኪሎ ሳንቲም መጀመሪያ ሲያዩት ያስደነግጣል። ስፋቱ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል፣ እንደ ቡና ስኒ ማስቀመጫ ነው፤ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ክንድን ወደ ታች ይስባል። የወፏ ላባ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በትንሹ ሳንቲም ላይ የማይታይ የቅርንጫፍ ልጥ እዚህ ላይ ጣት የሚነካው እስኪመስል ይወጣል። ለዓይን ከሆነ የሚተካከለው የለም።

ፐርዝ ሚንት ኩካቡራን በብር ማውጣት የጀመረው በ1990 ሲሆን በየዓመቱ ሥዕሉን ይቀይራል። በአንድ አውንስ፣ በአሥር አውንስና በኪሎ ይገኛል። እስከ 2017 ጥራቱ 999 ነበር፣ ከ2018 ጀምሮ 999.9 ሆኗል፤ ይህ ልዩነት ለዋጋ የሚያመጣው ነገር ስለሌለ አያስጨንቅዎት። የቻይናው የኪሎ ፓንዳ 300 ዩዋን ተጽፎበታል። እሱ በፕሩፍ፣ ማለትም መደቡ እንደ መስታወት ተወልውሎ ለሰብሳቢ የሚሠራ ስለሆነ ሣጥኑና ሰርተፊኬቱ የዋጋው አካል ናቸው። ሦስተኛው በሶማሊያ ስም ጀርመን አገር ሙኒክ፣ በባቫሪያ የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ የሚሠራው ዝሆን ነው፤ ኪሎው ላይ 2,000 ሽልንግ ተጽፏል።

ከሦስቱ ኪሎ መግዛት ለወሰነ ሰው የምመክረው ኩካቡራውን ወይም ዝሆኑን ነው። ጭማሪያቸው መጠነኛ ነው፣ ነጋዴም ያውቃቸዋል። የኪሎ ፓንዳን ሙሉ ሣጥንና ሰርተፊኬት ከሌለው አይንኩት።

ግን ከመወሰንዎ በፊት የደረሰብኝን ልንገርዎት። አንድ የኪሎ ኩካቡራ አራት ዓመት ያህል ይዤ ቆይቻለሁ። አንድ ሰሞን በድንገት ገንዘብ አስፈለገኝ፤ የፈለግኩት ግን የሳንቲሙን ዋጋ ግማሽ ብቻ ነበር። ኪሎ ሳንቲም አይቆረጥም። ወደ አንድ ነጋዴ ይዤው ሄድኩ፤ ገልብጦ ገልብጦ አይቶ፣ መዝኖ፣ ከዕለቱ የማዕድን ዋጋ በታች ጠራልኝ። «ይህን የሚያህል ዕቃ የሚገዛኝ ደንበኛ እስኪመጣ እኔ ዘንድ ይቀመጣል» አለ። እውነቱን ነው። ሠላሳ ሁለት የአንድ አውንስ ሳንቲሞች ቢኖሩኝ ኖሮ አሥራ ስድስቱን ሸጬ ቀሪውን እይዝ ነበር። ኪሎውን እዚያው ሸጥኩት፤ ከዚያ ወዲህ ለራሴ ኪሎ አልገዛሁም።

በዓይን ለማየት ትልቅነት የግድ ከሆነብዎት አሥር አውንሱ መካከለኛ መንገድ ነው፤ ሥዕሉ ሰፋ ይላል፣ ሲሸጥም እንደ ኪሎው አያስቸግርም።

በየዓመቱ የሚወጡት የአንድ አውንስ ሳንቲሞች

እዚህ ምርጫው ሰፊ ነው፤ የሰው ፍቅርም እዚህ ይበዛል።

የሶማሊያው ዝሆን ታሪኩ ትንሽ ዘወርዋራ ነው። መጀመሪያ የወጣው በዛምቢያ ስም ሲሆን በሶማሊያ ስም መውጣት የጀመረው በ2004 ነው። አንድ አውንሱ ላይ 100 ሽልንግ ተጽፏል። በጀርባው ሁለት ነብሮች የያዙት የሶማሊያ አርማ አለ። ሞቃዲሾ ገበያ ላይ ማንም አይገበያይበትም፤ የሚሸጠው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰብሳቢ ነው። ሆኖም ሥዕሉ በየዓመቱ ስለሚለወጥ፣ አሠራሩም ጥንቁቅ ስለሆነ፣ አንዳንድ የቀድሞ ዓመታቱ ዛሬ ከማዕድኑ ብዙ እጥፍ ያወጣሉ። ለልጅ በየልደቱ አንድ አንድ እየጨመሩ ለመስጠት የተመቸ ነው፤ እኔ ለእህቴ ልጅ የማደርገው ይህን ነው። ባለፈው ዓመት ሳንቲሞቹን በጠረጴዛ ላይ ደርድራ «ይሄኛው ዝሆን ጆሮው ትልቅ ነው፣ ይሄኛው ልጅ አለው» ስትል ሰማኋት። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብላ አየቻቸው።

ፓንዳው በብር የተጀመረው በ1983 ነው። ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ ከ2016 ጀምሮ ክብደቱ ከአውንስ ወደ 30 ግራም ዝቅ ብሏል፤ «አንድ አውንስ ፓንዳ» እያለ የ2018ን ሳንቲም የሚሸጥ ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያታለለ ነው። ሁለተኛ፣ የ2015ቱ ላይ ክብደትና ጥራት አልተጻፈበትም፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን የዓመቱ አሠራር ነው፣ ብዙዎች ሐሰተኛ መስሏቸው መልሰውታል። በ2001 እና በ2002 ደግሞ ሥዕሉ አንድ ነው፤ ቻይናዎቹ አንድ ሥዕል አጽንተው ሊቀጥሉ አስበው ሰብሳቢዎች ስለተቃወሙ ወደ መለዋወጡ ተመልሰዋል። ከሁሉም ይበልጥ የሚጭበረበረው ፓንዳ ስለሆነ ከማያውቁት ሰው አይግዙ።

የካናዳው የዱር እንስሳት ተከታታይ በ2011፣ በ2012 እና በ2013 የወጡ ስድስት ሳንቲሞች ናቸው፤ ተኩላ፣ ግሪዝሊ ድብ፣ ኩጋር፣ ሙስ፣ ፕሮንግሆርንና የጫካ ጎሽ። እያንዳንዱ እስከ አንድ ሚሊዮን የታተመ ስለሆነ ብርቅ አይደለም። ደስ የሚለው መጀመሪያና መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው፤ ስድስቱን ከያዙ ጨረሱ። ችግሩ ነጩ ነጥብ ነው። በብሩ ላይ የወተት ጠብታ የመሰለ እድፍ ከጊዜ በኋላ ይወጣል፣ አይለቅም፣ ገዢም ዋጋ ይቀንስበታል። የካናዳው ማምረቻ ይህን የሚከላከል አሠራር ያመጣው በ2018 ነው፤ እነዚህ ስድስቱ ከዚያ በፊት የወጡ ናቸው። ስለዚህ በፎቶ ብቻ አይግዙ፣ ወይም ሳንቲሙን በጎን ብርሃን ያነሳ ፎቶ ይጠይቁ።

የደቡብ አፍሪካው ቢግ ፋይቭ (አምስቱ ትልልቅ አውሬዎች) በ2019 በዝሆን የጀመረ ነው። ሁለት ሳንቲም ጎን ለጎን ሲቀመጥ የእንስሳው ፊት ሙሉ ይሆናል። ሐሳቡ ያምራል፣ ጭማሪው ግን ከሌሎቹ ከፍ ይላል።

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ዝሆኑን እመርጣለሁ። ከፓንዳው ያነሰ ይጭበረበራል፣ እንስሳውም የኛው አህጉር ነው።

የ1970ዎቹ የዱር እንስሳት ጥበቃ ተከታታይ

አሁን ወደ ልቤ ደረስኩ። ከ1974 ጀምሮ የእንግሊዙ ሳንቲም ማምረቻ ሮያል ሚንት ከዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ ጋር በመተባበር የብዙ አገሮችን ሳንቲም አውጥቷል። እያንዳንዱ አገር ሁለት የብርና አንድ የወርቅ ሳንቲም ነበረው፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውል ነበር። የኢንዶኔዥያ ኦራንጉታን፣ የቦትስዋና ሳላ ሁሉ አሉበት። ኢትዮጵያም ገብታለች። በ10 ብሩ ላይ አጥንት ከሰማይ እየጣለ በዓለት ላይ ፈርክሶ የሚበላው ባለ ጢሙ ጥንብ አንሳ አለ፣ በ25 ብሩ የደጋ አጋዘን፣ በ600 ብሩ ወርቅ ዋልያ።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም የለም። ባሌ ተራሮች ዲንሾ አካባቢ ማለዳ ጉም ሳይገፍ የወጣ ሰው አይቶት ይሆናል። ለሳይንሱ ዓለም የታወቀው በ1910 ነው፤ ያን የሚያህል ትልቅ አውሬ እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው የአገሬው ሰው ብቻ ነበር። ያ እንስሳ በትልቅ ብር ላይ ሲቀረጽ ማየት ለኔ ከኪሎው ኩካቡራ ይበልጣል።

ሲገዙ የሚያሳስት ነገር አለ። የኢትዮጵያ ሳንቲሞች ዓመታቸውን የሚጽፉት በኛው አቆጣጠር ነው። 1970 ዓ.ም. ማለት በፈረንጅ 1977/78 ነው። አንዳንድ ሻጭ «የ1970 ሳንቲም፣ የንጉሡ ዘመን» ብሎ ይሸጣል። ንጉሡ በ1967 ዓ.ም. መባቻ ከሥልጣን ወርደዋል፤ ይህ የደርግ ጊዜ ሳንቲም ነው። ሌላው ሻጭ ደግሞ 1978 ብሎ ሲጽፍ ሁለቱን የተለያዩ ዓመታት አድርጎ ሁለት ጊዜ የገዛ ሰው አውቃለሁ።

ሁለተኛው የፕሩፍና የተራው ልዩነት ነው። በዚህ ተከታታይ ፕሩፎቹ 925 ጥራት ያላቸው ሲሆኑ ትንሹ 28.28 ግራም፣ ትልቁ 35 ግራም ይመዝናል። ተራዎቹ ቀለል ይላሉ፤ በአንዳንድ አገሮች ጥራታቸውም ይወርዳል። ለምሳሌ የ1974ቱ የኢንዶኔዥያ ኦራንጉታን በተራው 32 ግራም ሆኖ ግማሹ ብቻ ብር ነው። ስለዚህ «የብር ሳንቲም» የሚል ቃል አይበቃም፤ ሚዛን ላይ የተቀመጠበትን ፎቶ ያስልኩ። መደቡ መስታወት፣ እንስሳው ደብዛዛ ሆኖ ከታየ ፕሩፍ ነው።

28.28 ግራም ሲባል አያቶቻችን በስልቻ ይቆጥሩት ከነበረው ጠገራ ብር ጋር በክብደት ሊገናኝ ምንም አልቀረውም፤ ማርትሬዛው 28.07 ግራም፣ ጥራቱ 833 ነው። ሁለቱን በግራና በቀኝ እጅ ይዞ ማየት ለልጆች ጥሩ የታሪክ ትምህርት ይሆናል።

የዚህ ተከታታይ ድክመት አንድ ነው፤ ገዢው ጥቂት ነው። ዛሬ ሸጬ ዛሬ ገንዘብ ልያዝ ለሚል ሰው አይሆንም። የሚፈልገው ሰብሳቢ እስኪገኝ ወራት ይፈጃል። ሲገኝ ግን የሚከፍለው በግራም ቆጥሮ አይደለም።

ቀለም የተቀባባቸውና የድንጋይ ዓይን የገባላቸው

በትናንሽ ደሴቶች ስም የሚወጡ፣ የነብሩ ዓይን ላይ ድንጋይ የተተከለባቸው፣ ቀለም የተቀቡ ብዙ ሳንቲሞች አሉ። ሥራቸው የሚያምር አለ፣ እጠላለሁ አልልም። ግን ጭማሪያቸው ብዙ ጊዜ ከማዕድኑ ሦስትና አራት እጥፍ ነው፤ ሲሸጡም በአብዛኛው ወደ ማዕድኑ ይወርዳሉ። ቤት ለማሳመር ከሆነ ይግዙ።

ሲገዙና ሲያስቀምጡ

እውነተኛነቱን ለማየት ማግኔት ብቻ አይበቃም፤ መዳብም አይሳብም። ለተራ ሳንቲም የምጠቀምበትን ልንገርዎት። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ላይ በብርጭቆ ውሃ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረው የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ ውሃው ውስጥ ያንጠልጥሉት። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ለንጹህ አውንስ 2.97 ግራም፣ ለ30 ግራሙ ፓንዳ 2.86፣ ለኪሎው 95.3 አካባቢ መሆን አለበት። ቁጥሩ ከዚያ ብዙ ከበለጠ ውስጡ ቀላል ብረት ነው። ለአውንሱ በመቶኛ ግራም የሚያሳይ ሚዛን ያስፈልጋል። ፕሩፍ ሳንቲም ላይ ይህን አያድርጉ፤ የውሃ ምልክት ይቀርበታል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አይወልውሉ። እናቶቻችን የብር መስቀልና አልቦ ሲጠቁር በሎሚና በአመድ አሽተው ያበሩት ነበር፤ ለጌጥ ያምርበታል። አክስቴ የኔን አጋዘን ጠቁሮ ስታየው አዝናልኝ እንዲሁ አደረገችው። በደስታ አሳየችኝ፤ ያበራ ነበር። ወደ መስኮት ወስጄ ዘንበል ሳደርገው መስታወት የነበረው መደብ ላይ ፀጉር የመሰሉ ጭረቶች ከቀንዱ ጫፍ እስከ ዳር ተሰድረው ታዩኝ። ምንም አላልኳትም፤ በፍቅር ያደረገችው ነው። ያንን ሳንቲም አልሸጠውም፣ ገዢ ግን እንደ ፕሩፍ አይቀበለውም። ጥቁረት በራሱ ዋጋ አይገድልም፣ ጭረት ግን ይገድላል።

ሲይዙት በዳሩ ብቻ፣ ሲያስቀምጡት በጠንካራ ካፕሱል (ለሳንቲም በተሠራ ግልጽ የፕላስቲክ መያዣ) ውስጥ፣ እርጥበት በሌለበት ቦታ። ለስላሳና የሚሸት ላስቲክ ውስጥ የቆየ ብር አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያወጣል።

ግብሩን እንደሚኖሩበት አገር ይጠይቁ። በአውሮፓ ኅብረት የኢንቨስትመንት ወርቅ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ሲሆን ብር ግን ነፃ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከዓመት በላይ ይዘው በትርፍ ሲሸጡ እንደ ሰብሳቢ ዕቃ እስከ 28 በመቶ ይታሰባል። ወደ አገር ቤት ይዘው ሲገቡ ደረሰኙን ይያዙ፣ ጉምሩክ ላይም ይናገሩ።

ለምርቃት ስጦታ የጠየቀኝ ወዳጄ በመጨረሻ ሁለት ነገር ገዛ፤ ልጁ የተወለደበትን ዓመት የሶማሊያ ዝሆንና አንድ ተራ የ25 ብር አጋዘን። ከአጋዘኑ ካፕሱል ሥር አንድ አሥር ሳንቲም አስቀምጦ ሰጠው፤ ልጁ ሁለቱን እንስሳት ሲያስተያይ፣ ትንሹን ሳንቲም ራሱ ከአዲስ አበባ በኪሱ ይዞት የመጣው መሆኑን አባቱ ነገረው። እኔ ደግሞ ያልተነካ ፕሩፍ የሆነውን ባለ ጢሙን ጥንብ አንሳ እስካሁን እየፈለግኩ ነው።